የአባቴ ግድብ ግርጌው ይደፈርሳል፤ ወንድሜ ግን «ዝም በይ» ይለኛል

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ዕድሜዬ 31 ነው። አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ነው።

አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከቤታችን ጀርባ ካለው ሸለቆ ላይ ትንሽ የአፈር ግድብ ሠራ። መጀመሪያ በአካፋና በበሬ፣ በኋላ ትራክተር ተከራይቶ፣ ሁለት በጋ ፈጅቶበታል። ያሰበው ለመስኖ ነበር። ቆይቶ ቆሮሶ ዓሣ ጨመረበት፤ ግድቡ ላይ ባህር ዛፍ ተከለ፤ ሰውም እሑድ እሑድ እየመጣ አረፍ ይልበት ጀመር። ዛሬ ታላቅ ወንድሜ መዝናኛ አድርጎታል። ሁለት ጀልባ አለው። ቡና አለ፣ የዓሣ ጥብስ አለ። ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። «ዘንገና ድረስ ምን አደከማችሁ፤ እኛ ጋ ኑ» ይላል ማስታወቂያው።

ግድቡ ቁመቱ 5 ሜትር ያህል ነው። ውሃው ደግሞ 100 ሜትር በ80 ሜትር ይሆናል፤ በገመድ ለክቼዋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ውሃው የግድቡ አናት ላይ ሊደርስ አንድ ክንድ ብቻ ቀርቶት ነበር። ወንድሜ ዓሣው እንዳያመልጥ ብሎ ትርፍ ውሃ በሚወጣበት በኩል የሽቦ መረብ ዘርግቷል። በበጋ ጀልባው መሬት እንዳይነካ ብሎ ደግሞ ድንጋይ ደርድሮበታል። ከጥቅምት ወዲህ ከግድቡ ግርጌ፣ ከባህር ዛፎቹ ሥር፣ ውሃ ይወጣል። መጀመሪያ ጥርት ያለ ስለነበር ሰው ልብስ ያጥብበት ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ ግን አንዳንድ ቀን ቀላ ብሎ ይወርዳል። ወንድሜ ግንበኛ ጠርቶ በሲሚንቶ አስደፈነው። በሳምንቱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ በሌላ በኩል ወጣ።

ከግድቡ በታች፣ በወንዙ ዳር፣ 19 ቤት አለ። የክርስትና እናቴ እዚያ ናቸው። ከተማሪዎቼ ስድስቱ እዚያ ይኖራሉ።

ለወንድሜ ስነግረው «የአባየ ሥራ ሃያ ዓመት ቆሟል፤ አንቺ ዛሬ ነው መሐንዲስ የሆንሽው?» አለኝ። ዘንድሮ ለጀልባውና ለዳሱ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሯል። «ይህን ወሬ ብታወጪው ቤቴን ነው የምታፈርሺው» አለ። እናቴም «አባትሽ የሠራው አይፈርስም፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ወንድሜ በ12 ዓመት ይበልጠኛል። አያ እያልኩ ነው ያደግሁት። ያስተማረኝም እሱ ነው።

ቀበሌ ሄጄ ልናገር? ለጎረቤት ልንገር? ወይስ ዝም ልበል? የግንቦት ልደታ ዕለት ሰው ግድቡ ላይ ተሰብስቦ ሲጨፍር ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እባክዎ ሰኔ ሳይገባ ይመልሱልኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከምዕራብ ጎጃም

መልስ

እታለም፣

«ሰኔ ሳይገባ» ያልሽውን ሳይ ደብዳቤሽን ወረፋ አስዘለልኩት። ከፊትሽ የነበሩት ይቅር ይበሉኝ።

ለብቻዬ ልመልሰው አልደፈርኩም። በትንንሽ የመስኖ ግድቦች ላይ ብዙ ዓመት የሠራ መሐንዲስ ወዳጅ አለኝ፤ ቡና ላይ አነበብኩለት። ስለ ቁመቱም ስለ ጀልባውም አልጠየቀኝም። «ውሃው ይደፈርሳል?» ነው ያለኝ። «አንዳንድ ቀን ቀላ ይላል» ስለው ሲኒውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ቡና ቀዘቀዘ።

ያስረዳኝን ላስረዳሽ። የማያንጠባጥብ የአፈር ግድብ የለም። መርዓዊ አጠገብ ያለው፣ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው ቆጋም ቢሆን የአፈር ግድብ ነው፤ እንዲህ ያለ ግድብ ውሃ ትንሽ ትንሽ ማሳለፉ ያለ ነው። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ያየሽው ጥርት ያለ ውሃ ብቻውን አያስደነግጥም ነበር። የደፈረሰ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። የእናንተ አገር አፈር ቀይ ነው፤ ውሃው ቀላ ብሎ ከወጣ ተሸክሞ የሚወጣው ያንኑ አፈር፣ ምናልባትም የግድቡን የራሱን ሆድ ነው። ከግርጌ ይጀምርና ወደ ውስጥ፣ ወደ ኩሬው፣ እንደ ፍልፈል እየቆፈረ ይሄዳል። ከላይ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ዛፉ ቆሟል፣ ሰው ይጨፍራል። ቀዳዳው ኩሬው ጋ የደረሰ ዕለት ግን ነገሩ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው መሰለኝ።

ሲሚንቶውስ? ወንድምሽ ክፉ አላሰበም፤ ቤቱ ጣሪያው ቢያፈስ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ግን የሚያፈስ ግድብን ከጀርባው መድፈን አይረዳም። ውሃው መንገዱን ሲያጣ ውስጥ ይጨናነቅና በሌላ ደካማ ቦታ ይወጣል። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የወጣው ለዚህ ነው። ባለሙያ እስኪያይ ድረስ የሚደረግ ነገር ካለ የደፈረሰው ውሃ በሚወጣበት ላይ መጀመሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ጠጠር መከመር ነው። ውሃው ይለፍ፤ አፈሩ ግን ይቅር።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ውሃውን ዝቅ ማድረግ ነው። የጎላውን ነገር ልንገርሽ። የለካሽው ውሃ በአማካይ 2 ሜትር ጥልቀት አለው ብንል 16,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ነው። 10,000 ሊትር የሚጭን ቦቴ ብታስቢ 1,600 ቦቴ ውሃ ማለት ነው፤ ከ19 ቤት በላይ ተሰቅሎ። ከዚህ ላይ አንድ ሜትር ብትቀንሱ ግድቡን የሚገፋው ኃይልም፣ አደጋው ቢመጣ የሚወርደውም ውሃ በእጅጉ ይቀንሳል። ለዚህ የመሐንዲስ ፊርማ አያስፈልግም። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በአንድ ቀን አፍስሳችሁ አትጨርሱት፤ በቀን ከ30 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በውስጥ በኩል ያለው የረጠበ አፈር ደግፎት የነበረው ውሃ በድንገት ሲሸሽ ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል። አባትሽ ከሥር የቀበሩት ቱቦ ካለ ቀስ ብሎ ይከፈት። ከሌለ የመስኖ ፓምፕ ያለው ገበሬ አይጠፋም። ፓምፑ የሚተፋው ውሃ በግድቡ ጀርባ ላይ እንዳይወርድ ብቻ ቱቦው ረዘም ብሎ ወንዙ ድረስ ይሂድ።

ሁለተኛው ጉዳይ መረቡና ድንጋዩ ነው። እውነቱን ለመናገር ከቀዩ ውሃ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ባለሙያዎች ማስተንፈሻ ይሉታል፤ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ላይ እንዲያልፍ አልተፈጠረም። አንዴ በአናቱ መፍሰስ ከጀመረ ጀርባውን እየቦረቦረ ይበላዋል። ነሐሴ ላይ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር ብለሻል። ያ አንድ ክንድ የአንድ ሌሊት የሐምሌ ዝናብ ነው። መረቡ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ሲከመርበት ደግሞ ማስተንፈሻው ግድግዳ ይሆናል።

ይህን ለወንድምሽ ስትነግሪው ታሪክ ይዘሽ ሂጂ። አሜሪካ ውስጥ ጆንስታውን ከምትባል ከተማ በላይ ሳውዝ ፎርክ የሚባል ግድብ ነበር። የመንግሥት አልነበረም፤ የፒትስበርግ ሀብታሞች ዓሣ የሚያጠምዱበትና በጀልባ የሚንሸራሸሩበት የክበብ ንብረት ነበር። ሠረገላ በላዩ እንዲያልፍ የግድቡን አናት ዝቅ አደረጉት። ዓሣው እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ መረብ አቆሙ። ከሥር የነበሩት የማፍሰሻ ቱቦዎች ቀደም ብለው ተነቅለው ተሸጠው ነበር፤ የተካቸው የለም። በ1889 እ.ኤ.አ. ግንቦት መጨረሻ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ግድቡ ተጠርምሶ 2,209 ሰው ሞተ። የእናንተ ኩሬ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ የዚያ ቁመቱ 22 ሜትር ነበር። መረቡ ግን ያው መረብ ነው። የዓሣውም ምክንያት ያው ነው።

ቅርብ ምሳሌ ከፈለገ ጎረቤታችን ኬንያ አለች። ናኩሩ አካባቢ ሶላይ በሚባል ቦታ የግል እርሻ ግድብ ነበረ። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ በጣለበት ወቅት፣ በሌሊት፣ ተደረመሰ። ከ40 በላይ ሰው ሞተ።

እስካሁን ስለ ውሃ ነው ያወራሁት። አንቺ ግን የጻፍሽልኝ ስለ ውሃ ብቻ አይደለም።

ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነበው ዓይኔ የቆመው «አባትሽ የሠራው አይፈርስም» በሚለው የእናትሽ ቃል ላይ ነው። እናትሽ ስለ አፈር አይደለም የሚናገሩት። ስለ ባላቸው ነው። አንቺስ? ግድቡ ታሟል ስትዪ አባትሽ ተሳስቷል ያልሽ መስሎ ይሰማሽ ይሆን? እኔ እንዲያ አላየውም። አባትሽ በአካፋና በበሬ የሠሩት ነገር ሃያ ክረምት ቆመ። የጠነከረ ሥራ ነው። ግን አባትሽ በሕይወት ሳሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ምን ያደርጉ እንደነበር አስታውሺ። ማስተንፈሻውን ይጠርጉ ነበር? በዝናብ ማግሥት ወርደው ግርጌውን ያዩ ነበር? የጃርትና የፍልፈል ጉድጓድ ይደፍኑ ነበር? እናትሽን ጠይቂያቸው። እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «እማየ፣ አባየ ክረምት ሲገባ ግድቡን ምን ያደርገው ነበር?» መልሳቸው ከአንቺም ከእኔም ክርክር ይበልጥ ወንድምሽ ጆሮ ይገባል ብዬ አስባለሁ። የአባቱን ሥራ ይጠብቃል እንጂ የአባቱን ሥራ ያማል ማንም አይለውም።

በነገራችን ላይ ስለ ባህር ዛፎቹ። ሥሮቻቸው አፈሩን እየሰነጠቁ ለውሃ መንገድ ሊከፍቱ ስለሚችሉ ግድብ ላይ ትልቅ ዛፍ ባይኖር ይመረጣል። ግን ነገ መጥረቢያ እንዳታነሱ። የተቆረጠ ዛፍ ሥሩ ከዓመታት በኋላ ይበሰብስና ባዶ ቱቦ ትቶ ይሄዳል። ምን እንደሚደረግ ባለሙያ ይወስን። ለእናትሽም ቢሆን የባላቸው ዛፍ ዛሬውኑ አለመነካቱ ደግ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ እንምጣ። «አንቺ ዛሬ ነው መሐንዲስ የሆንሽው?» ያለሽ ንቆሽ ነው ብዬ አላምንም። ፈርቶ ነው። ብድር አለበት፣ የሰርግ ወቅት ላይ ነው፣ አባቱ ትተውለት የሄዱት ነገር በእጁ ላይ ሲበላሽ ማየት አይፈልግም። ሲሚንቶ ያስደፈነ ሰው ችግሩን ያላየ ሰው አይደለም። አይቶታል። እንዳንቺው እንቅልፍ ሳያጣ አይቀርም። አንቺ ግን ምን ስትዪ ነው የነገርሽው? ሰው ባለበት ነበር? እናትሽ ፊት ነበር? «ሊፈርስ ነው» ብለሽ ጀምረሽ ከሆነ ከአባቱ በቀር ሌላ መከላከያ አልተውሽለትም።

ስለዚህ በሌላ በር ግቢ። ነገ በጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ወደ ግርጌው ውረጂ። ባዶ ሃይላንድ ያዢ። ቀላ ከሚለው ውሃ ቅጂና ቀኑን ጻፊበት። እስከ ማታ ሳትነኪው ይቀመጥ፤ ከሥሩ የሚዘቅጠውን አፈር ታዪዋለሽ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን አራት ሃይላንድ ደርድረሽ ፎቶ አንሺ። አስተማሪ ነሽ፤ ማሳየት ከመናገር እንደሚበልጥ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከተቻለሽ ውሃው አንድ ጄሪካን ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበትም ያዢ። ዝናብ ሳይጥል፣ ኩሬው ሳይሞላ፣ ጄሪካኑ ከቀን ወደ ቀን ቶሎ የሚሞላ ከሆነ ቀዳዳው እየሰፋ ነው።

ከዚያ ለብቻው አግኚው። ሃይላንዶቹን ፊቱ ደርድሪና እንዲህ በይው፦ «አያ፣ ልከራከርህ አልመጣሁም። ይሄን አንተም እይልኝ። እንዳንተ የሚያውቀው የለም።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ይከብድሻል፤ ቻዪው።

መጀመሪያ የምትጠይቂው ነገር ደግሞ ትንሽ ይሁን፤ ገንዘብ የማያስወጣ። መረቡና ድንጋዩ ይነሳ በይው፤ ድንጋዩ ከላይኛው ረድፍ እየተጀመረ፣ ቀስ በቀስ። ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር። አንዱን እሺ ያለ ሰው ሁለተኛውን እሺ ለማለት ይቀለዋል። ጥቂት ቆሮሶ ያመልጠው ይሆናል። ያምልጠው። ሁለተኛው ውሃውን አንድ ሜትር ዝቅ ማድረግ ነው። ጀልባው ዘንድሮ ክረምት ዳር ላይ ተገልብጦ ቢያርፍ ማንም አይስቅበትም፤ በሐምሌ ዝናብ ጀልባ የሚጋልብ ሙሽራ የለም። ቡናውና የዓሣ ጥብሱ ይቀጥል፤ ዳሱና ጭፈራው ግን ከግድቡ አናት ወርዶ ወደ ጎን፣ ወደ ተረተሩ ይሂድ። ለቁጠባና ብድር ማኅበሩም አብራችሁ ሄዳችሁ የክፍያ ጊዜው እንዲራዘምለት ብትጠይቁ፣ ያንቺ ደመወዝም ለአንድ ሁለት ወር ቢደግፈው፣ «ቤቴን ልታፈርሺ ነው» የሚለው ነገር ይለዝባል። ያስተማረሽን ወንድም የምትደግፊበት ቀን ይሄ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ባለሙያ ነው። የወረዳችሁ የውሃ ጽሕፈት ቤት አለ። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የውሃ መሐንዲሶች አሉ። የዘንድሮ መንገድ ለማንም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። መምጣት ካልቻሉ የግርጌውን፣ የማስተንፈሻውን፣ የግድቡን አናት በቪዲዮ ቀርጸሽ በቴሌግራም ላኪላቸው። ብዙ ነገር ከዚያ ይነበባል።

«ቀበሌ ልሂድ?» ብለሻል። ወንድምሽን ከሃይላንዶቹ ጋር ካነጋገርሽው በኋላ አንድ ሳምንት ስጪው። ከሳምንት በላይ አትስጪው፤ ሰኔ አይጠብቅም። እሺ ካለ አብራችሁ ሂዱ። እምቢ ካለ ብቻሽን ሂጂ። ደብቀሽ ግን አይሁን፤ «አያ፣ ሰኞ እሄዳለሁ፤ ብትመጣ ደስ ይለኛል» በይው። ይቆጣል። ምናልባት ለወራት ያኮርፍሻል። ይህን ቀላል አድርጌ አልነግርሽም። ግን ወሬ አመላላሽ ሆነሽ አይደለም የምትሄጂው። ይዞታው የአባታችሁ ውርስ ከሆነ አንቺም ድርሻ ሊኖርሽ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2069 የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው ጉዳት ከደረሰ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የውሃ ግንባታ ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃል። አባትሽ የተዉት ወረቀት ካለ ሳጥናቸው ውስጥ ፈልጊ። ከአንድ የሕግ ሰው ጋርም አንድ ሰዓት ተቀመጪ። ከዚህ በላይ ስለ ሕጉ አላደክምሽም።

የ19ኙ ቤት ጉዳይ ግን ሳምንት አይጠብቅም። በዚህ ላይ ከወንድምሽ ጋር አልስማማም፤ ካንቺም ዝምታ ጋር አልስማማም። ሰዎቹ በገዛ ደጃቸው ያለውን ነገር ማወቅ አለባቸው። እሱ እሺ አለ እምቢ አለ ለውጥ የለውም። «ሊፈርስ ነው፣ ሽሹ» በያቸው እያልኩሽ አይደለም። ከክርስትና እናትሽ ጀምሪ። ቡና ሲፈላ ተቀመጪና የምታውቂውን ብቻ ንገሪያቸው፦ ከግርጌው ቀይ ውሃ ይወጣል፣ ውሃውን ዝቅ ልናደርግ ነው፣ ዝናብ በበረታ ሌሊት ግን ንቁ ሁኑ። ከዚያ ካህኑና የእድሩ ዳኛ ይስሙ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቃል ቢናገሩ በየቤቱ ከመዞር ያድንሻል።

ምልክት ያስፈልጋችኋል። ስልክ በሌሊት ይዘጋል፣ ኔትወርክም ይጠፋል። የእድሩን ጥሩንባ እንዳትጠቀሙ። ጥሩንባ ሲነፋ የእኛ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ «ማን ሞተ?» እያለ ይሰበሰባል እንጂ አይሸሽም። ፊሽካ ይሁን፣ የተሰቀለ ብረት መቀጥቀጥ ይሁን፣ ለሌላ ነገር የማያገለግል ድምፅ ምረጡ። ሰውም ወዴት እንደሚሮጥ ይወቅ። በወንዙ ዳር ወደ ታች አይደለም። ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው። ስድስቱ ተማሪዎችሽ ይህን ከወላጆቻቸው ጋር አብረው ይስሙ። አንድ ቀን አብራችሁ ብትሄዱበት ልጆች ጨዋታ ያደርጉታል። ያድርጉት።

አሁን ደግሞ ማንንም የማትጠብቂበትን ቀን ልንገርሽ። ቀዩ ውሃ በድንገት ከበዛ። ኩሬው ላይ ውሃው ሲሽከረከር ካየሽ። ግድቡ አናት ላይ በርዝመቱ አዲስ ስንጥቅ ከወጣ። ጀርባው ተንሸራቶ ከወረደ ወይም ውሃው አናቱ ላይ ሊደርስ ስንዝር ከቀረው። ከእነዚህ አንዱን ያየሽ ዕለት ወደ ወንድምሽ ደውዬ ልጠይቅ አትበይ። ፊሽካው ይነፋ፤ ሰው ይውጣ። ከዚያ በኋላ ለእሱም ለወረዳውም ትደውያለሽ። ሰው በከንቱ አንድ ሌሊት ብርድ ላይ ቢያድር ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ላብቃ። ደብዳቤሽ ላይ ስለ ወንድምሽ፣ ስለ እናትሽ፣ ስለ ክርስትና እናትሽ፣ ስለ ተማሪዎችሽ ጽፈሻል። ከእነሱ ውስጥ ይህን ነገር አብሮሽ የሚሸከም አንድ ሰው አለ? ባልም ይሁን፣ የትምህርት ቤት ባልደረባ፣ የነፍስ አባትሽ። ከሌለ ዛሬ ማታ አንድ ሰው ምረጪ። ሳምንቱን ሙሉ ብቻሽን ግርጌው ድረስ እንድትወርጂ አልፈልግም። ደግሞም እግርሽን ተጠንቀቂ፤ የረጠበው አፈር ላይ አትቁሚ፣ ከጎን ሆነሽ ቅጂ።

የመጀመሪያውን ሃይላንድ ነገ ቅጂና ማታ ላይ ቀለሙን ጻፊልኝ። ወረፋ አትይዢም።